ለካኦማ እናት የተላከ መልክ

ሙሶሎ፣ ሜይ 4 ቀን 2002

ለክብርት ባና ካኦማ
ሉንቺንዳ መንደር፣ ከሐይቁ ማዶ

ጉልበቴን መሬት አስነክቼ፣ በሁለት እጄ አጨብጭቤ እጅ እነሣለሁ። የምዌሩ ነፋስ ይለዝብልዎ፤ ያሰጡት ዓሣም አይሻግትብዎ።

እኔ ካሉምባ ነኝ፤ ሙሶሎ ገበያ ዳር፣ ከዓሣ ማጨሻዎቹ ጎን ሥዕል የምሠራው። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። በጀልባ ጎን ላይ ስም እጽፋለሁ፤ ሲቀናኝ ደግሞ የሰው መልክ እሥላለሁ። ወንድምዎን ሹም ቺባንጉን የዛሬ አምስት ዓመት ሥያቸው፣ «ሆዴን አሳነስክብኝ፤ የተራበ ሹም ማን ይፈራል?» ብለው አንድ ሳምንት ሙሉ አኩርፈውኝ ነበር።

በዓሣ ነጋዴዋ በማሪ ጆዜ አፍ የላኩት ጥያቄ ደርሶኛል። ሹም ቺባንጉ የሞቱት በንዳድ ነው። ሦስት ቀን ታመው ሳይሠቃዩ ዐረፉ። ቀብራቸውም ያማረ ነበር። ይህን ስጽፍ የአዛዡ ጸሐፊ ከጎኔ ተቀምጦ እያንዳንዱን መስመር ያነብልኛል። እግዜር ይስጠው፣ ፊደሌንም አርሞልኛል።

ልጅዎ አዛዥ ካኦማ አሁን በእናታቸው ወንድም ወንበር ሊቀመጡ ነው። ደንቡን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ሹም ቺባንጉ ጦርነቱ ሲቃረብ ያሻገሩት የሹመት አምባር ያለው በእርስዎ እጅ ነው፤ የሟች ሹም እህት ካልሰጠች ደግሞ ማንም አይሾምም። አዛዡን በዚያ ማዶ ያሉ ወታደሮች ስለሚፈልጓቸው በአካል መምጣት አልቻሉም። ስለዚህ መልካቸውን ልከዋል። ለእናት የሚላክ ሰው መሣሪያ አይዝምና እንደሚያጨበጭቡ፣ ሰላም እንደሚሉ አድርጌ ሥያቸዋለሁ። ዓይናቸውንም እንደ ሙሶሎ ሠዓሊዎች ደንብ እሳቸው ከወጡ በኋላ በሬን ዘግቼ ሠራሁ፤ ሥዕሉ የተሠራለት ሰው ሳያየው ባለመልኩ ዓይኑን አያይምና። አዛዡም ደንቡን አክብረው ተጠቅልሎ ሲላክ አላዩትም።

ታናሽ ወንድሜ ቾላ፣ ቀዛፊው፣ በአዛዡ ግቢ በእንግድነት ተቀምጧል። አምባሩ የመጣ ዕለት ወደ ቤቱ ይመለሳል ተብያለሁ። ካልመጣ ግን እንግድነቱ በዚያው ያበቃል ብለውኛል። እባክዎ፣ ማማ፣ አይዘግዩብን።

ትሑት አገልጋይዎ
ካሉምባ

---

ሉንቺንዳ፣ ሜይ 17

ለሠዓሊው ካሉምባ፣

ሁለት ወረቀት ልኬልሃለሁ። አንደኛው ለጸሐፊው ነው፤ «ሥዕሉ ያምራል፣ ልጄ ወፍሯል፣ እያሰብኩበት ነው» ይላል። ጮክ ብለህ አንብብለት። ይኸኛው፣ ከማሪ ጆዜ ቅርጫት ሥር ከደረቀው ዓሣ በታች የመጣው፣ ላንተ ብቻ ነው። ቢሸትህም ቻለው፤ እኔም ያንተን ውሸት ችዬ አንብቤዋለሁ።

«ወደዱት ወይ?» ብለህ አስጠይቀኸኛል። ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ልጄን ካየሁት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቶቼ ገብተው «አቤት ቁመና! አቤት ኮት!» አሉ። እኔ ግን ኮቱን ከቁም ነገርም አልቆጠርኩት። ያየሁት አፉን ነው።

ካኦማ ዘጠኝ ዓመቱ ሳለ የጎረቤታችንን ውሻ ሸምበቆ ውስጥ አስሮ ለአዞ ሰጠው። ውሻው ነክሶት አይደለም፤ አዞ ሲበላ ማየት አምሮት ነው። «አንተ ነህ?» ብዬ ብጠይቀው የታችኛውን ከንፈሩን በቀኝ በኩል ወደ ውስጥ ዋጥ አደረገና «እኔ አይደለሁም፣ ማማ» አለኝ። እስኪደማ ገረፍኩት፤ አላመነም። ያቺን የተዋጠች ከንፈር ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ አየኋት መሰለህ!

አንተ ልጅነቱን አታውቅም። ውሻውንም አላየህ። ታዲያ ይህቺን ከንፈር ከየት አመጣሃት? ከፊትህ ተቀምጦ ካልዋሸ በቀር ልትሥላት አትችልም። እጆቹንም አየሁ። ያጨበጭባሉ ትላለህ፤ በመካከላቸው የተውከው ክፍተት ግን አንድ አንገት ያስገባል።

ሠዓሊ፣ እጅህ ካንተ የተሻለ ሐቀኛ ነው። ምላስህ ንዳድ ይላል፣ ቀለምህ ሌላ ይላል። ወንድሜ ቺባንጉ በንዳድ የሚሞት ሰው አልነበረም፤ ሦስት ጊዜ ይዞት ሦስቱንም ጊዜ ንዳዱ ነው የተሸነፈው። ያየኸውን ሥለሃል፤ አሁን ደግሞ ያየኸውን ጻፍልኝ። ሴት ናት፣ አሮጊት ናት፣ ትደነግጣለች ብለህ አታለሳልስ። አሥር ልጅ ወልጄ ስምንቱን ቀብሬአለሁ።

ባና ካኦማ

---

ሙሶሎ፣ ሜይ 30

ማማ፣

ይቅር ይበሉኝ። ይህን የምጽፈው የጀልባ ቀለም ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ተደብቄ ነው፤ ማሪ ጆዜ በር ላይ ቆማ ዓሣ የምትመርጥ መስላ ትጠብቀኛለች።

እንዴት እንደሆነ ጠይቀውኛል፤ እነግርዎታለሁ። የልጅዎ ሰዎች የመጡት በሆሳዕና ዕለት፣ ሕዝቡ ከጸሎት ሲወጣ ነው። ለጦር የሚሆኑ ወጣቶች ስጡን አሉ። ሹም ቺባንጉ እምቢ አሉ። «እኔ ዓሣ አጥማጅ እንጂ ሬሳ አምራች አላሳድግም» ነው ያሉት፣ በዚያ በለመዱት ምላሳቸው። ያን ጊዜ ሠላሳ ሁለት ጀልባ ባንድ ላይ ተቃጠለ። እምቢ ያሉ ስድስት ወንዶች በገዛ መቅዘፊያቸው ራስ ራሳቸውን ተቀጠቀጡ፤ ሚስቶቻቸው ቆመው እንዲያዩ ተደረገ። ሹሙንና ሁለት ሽማግሌዎችን ትልቁ ማጨሻ ቤት ውስጥ ከተቷቸውና በሩን በውጭ ቀረቀሩት። ደረቅ እንጨት አልነበረም የጨመሩት፤ እርጥብ ነው። እርጥብ እንጨት ቶሎ አይገድልም። ዓሣ እንዴት እንደሚጨስ እርስዎ ያውቃሉ፣ ማማ፤ ከዚህ በላይ አልልም።

ካኦማ ወንበር አስመጥቶ ከበሩ ፊት ተቀምጦ ነበር። እስኪያልቅ ድረስ።

ወንድሜ ቾላ በሩን በመቅዘፊያ ሰበረው። ማንም ያላዘዘው፣ ሃያ አራት ዓመቱ የሆነ ቂል! ሲሰብረው ሹሙ ሞተዋል። ቾላን ጎትተው ወስደው ካኦማ ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ከተቱት። ጉድጓዱ እኔ ሥዕሉን ከሠራሁበት ጥላ አሥር እርምጃ ነው። ዘጠኝ ጠዋት ካኦማን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ሣልኩት፤ በዘጠኙም ጠዋት ቾላን ሲደበድቡት እሰማ ነበር። አንድ ቀን ብሩሼ ከእጄ ወደቀ። ካኦማ ሳቀና ለጠባቂዎቹ «ኧረ ዝም አስብሉት፣ የሠዓሊውን እጅ እያንቀጠቀጠብኝ ነው» አላቸው። ከዚያ ዘወር ብሎ «ደግ አድርገህ ሣለኝ፤ የሚያየው ሌላ ሰው አይደለም፣ እናቴ ናት» አለኝ።

«አጎትዎ እንዴት ሞቱ ልበላቸው?» ብዬ ጠየቅኩት። «በንዳድ» አለ። ያቺን ከንፈር ያኔ ነው ያየኋት። ሳላውቅ ሣልኳት፤ እጄ ፈሪነቴን አልጠየቀኝም።

ስለ ዓይኖቹም በማሪ ጆዜ አፍ ጠይቀውኛል። ስለ ዓይኖቹ የምለው የለኝም።

አሁን የምለምንዎትን አውቀዋለሁ። ወንድምዎን ባጨሰው እጅ ላይ የወንድምዎን አምባር ያጥልቁ እያልኩዎት ነው። ሰው ይህን አይለምንም፤ እኔ ግን እለምናለሁ። ቾላ የቀረኝ አንድ ወንድሜ ነው። ፈሪ ነኝ፣ ፈሪነቴን ግን ለእሱ ነው የያዝኩት። አምባሩን ይላኩለት። ሹም ቺባንጉ ሞተዋል፤ ቾላ ገና አልሞተም።

ካሉምባ

---

ሉንቺንዳ፣ ጁን 9

ካሉምባ፣

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን ቡካሪ፣ ያቺን የካሳቫ ገንፎ እንኳ፣ አልቀመስኩም። ጎረቤቶቼ ታማለች ብለው ቅጠል ቀቅለው አመጡልኝ፤ ከነማሰሮው ደፋሁባቸው።  ቺባንጉን እኔ ነኝ አዝዬ ያሳደግኩት፤ እናታችን ስትሞት አንድ ዓመቱ ነበር። አንዱን በጀርባዬ አዘልኩ፣ አንዱን በሆዴ ተሸከምኩ፤ በሆዴ የተሸከምኩት በጀርባዬ ያዘልኩትን ጠበሰብኝ።

«ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት» ይላል ሰው። ሰው ሲናገር ይቀለዋል። እኔ ደግሞ እዚያው ቤት ከእሳቱ ሥዕል ጋር እኖራለሁ። ልቀደው መቀስ አነሣሁ፤ አልቻልኩም። ልሸፍነው ጨርቅ ጣልኩበት፤ ጨርቁ ሥር ሆኖም የሚያየኝ መሰለኝ።

አምባሩን ላኪ ብለኸኛል። አልልክም። ቁጣህን ዋጥ አድርግና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ለእሱ እንዲህ ብዬ ጽፌለታለሁ፦ «አምባር በጨርቅ ለተሣለ መልክ አይጠለቅም። የሹም እህት በገዛ እጇ ታጥልቃለች፤ ስለዚህ ና። ሐሙስ ዓሣ ነጋዴ መስለህ ተሻገር፤ በጠራራ ፀሐይ የሚሻገር ነጋዴን ማንም ወታደር አይጠረጥርም። የሚቀዝፍህ ቾላ ይሁን፤ የጁንን ነፋስ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አንተ ሰጥመህ አምባሩን ለዓሣ አላስረክብም። ሌላ ቀዛፊ ካየሁ አምባሩን ሐይቅ ውስጥ እጥለዋለሁ።»

ምን ላደርግ እንደሆነ አትጠይቀኝ። ገና አላወቅኩም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ። እናት አይደለሁ? ቢያንስ አንድ ጊዜ እውነቱን ከአፉ መስማት ይገባኛል።

ባና ካኦማ

---

ሙሶሎ፣ ጁን 16

ማማ፣

ምን አደረጉ! ምን አደረጉን!

ደብዳቤዎን ጸሐፊው አነበበለት። ካኦማ መጀመሪያ ጸሐፊውን በጥፊ አጮለው፣ ያለምክንያት፣ ከደስታ ብዛት። ከዚያ ተነሥቶ ግቢውን እየዞረ ጨፈረ። «ማማ ጠራችኝ! ሰማችሁ? ማማ ናልኝ አለችኝ!» እያለ። ያን ያህል ሰው ፊት እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም። ወዲያው ደግሞ ፊቱ ተለወጠና «ቾላን አውጡት» አለ።

ቾላ የሐይቁን ነፋስ ካወቀ የሐይቁን መሸሻም ያውቃል አለ። ጀልባ ገልብጦ ዋኝቶ እንዳያመልጥ ሁለት የግራ እጁን ጣቶች በዓሣ መክተፊያ ቢላ አስቆረጠው። በልጄ እምልልዎታለሁ፣ ማማ፣ እዚያው ነበርኩ። «ለመቅዘፍ ስምንት ይበቃል» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። ቾላ አልጮኸም፤ እኔ ነኝ የጮኽኩት። እኔን ደግሞ በጠመንጃ ሰደፍ አፌን አሉኝ፤ ሁለት የፊት ጥርሴ የለም፤ እንግዲህ የራሴን መልክ ስሥል ይቀለኛል።

ከሁለት ጠባቂ ጋር ሐሙስ ጠዋት ይነሣሉ። ካኦማ ከግቢው ሲወጣ ወደ እኔ መጥቶ «ሥዕሉን አይታ አለቀሰች?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «ዓይኔን አሳምረህ ሠርተኸዋል አይደል? ያልኩህን አድርገሃል?» አለ። አዎ አልኩት።

ምን አስበው እንደሆነ አላውቅም፤ አይነግሩኝም። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ምንም ቢሆን፣ ጀልባው ላይ ያለውን ስምንት ጣት ያለውን ልጅ ከሌሎቹ ለይተው ይወቁልኝ።

ካሉምባ

---

ሉንቺንዳ፣ ጁን 23

ለልጄ ለካሉምባ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። የሙሶሎ ሰው ሁሉ እንዴት ሰነበተ? እዚህ ነፋሱ ከበደ፤ የዓሣው ነገር ዘንድሮ አይወራም፤ መረብ የጣለ ሁሉ ቅጠል ነው የሚያወጣው። ማሪ ጆዜ ጉንፋን ይዟት ከርማ ተሻላት። የጎረቤቴ ፍየል መንታ ወለደች። እንደምታየው መጻፍ እየቻልኩ መጻፍ አቅቶኛል።

ይህን ደብዳቤ ያመጣልህ ቾላ ነው። ስምንት ጣቱን ቁጠርና ተረጋጋ። ቁስሉን እኔው አጥቤ አስሬለታለሁ፤ ሕመሙን ዋጥ አድርጎ ሲቀልድብኝ ነበር፤ «ማማ፣ ከእንግዲህ ሰው ሲያስቀይመኝ በጣቴ መቁጠር አልችልም» ይለኛል። ወንድምህ ቂል ነው ብለህ ነበር፤ ልክ ነህ፣ ከምትለውም በላይ ነው።

የሆነውን ቾላ ይነግርሃል፤ ውጭውን እሱ ነው ያየው። እኔ የቤቱን ውስጥ እነግርሃለሁ።

ከመምጣቱ በፊት የቀዛፊዎቹን አለቃ ጠርቼ፣ «ባዶ እጄን ከቤት ከወጣሁ ለወታደሮቹ አስረክቡት፣ ይፈረድበት። አምባሩን በእጄ ይዤ ከወጣሁ ግን የእናንተ ነው» ብዬው ነበር። ከሙሶሎ ተሰደው እዚህ የሚኖሩ ቀዛፊዎች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ስድስቱ ሟቾች ወንድሞቻቸው፣ አባቶቻቸው ነበሩ። እውነቱን ከነገረኝ አምባሩን እጁ ላይ አጥልቄ ባዶ እጄን ልወጣ ነበር፤ ልሾመው ሳይሆን፣ በሕግ እጅ እንዲሞት፣ የሹም ዘር ሆኖ እንዲሞት አስቤ ነው።

ገባ። ተንበርክኮ አጨበጨበ። አሥራ አንድ ዓመት! ገላው ሲሸተኝ ሆዴ ባባ፤ አልደብቅህም። ቡካሪ አቀረብኩለት፤ በላ። ከዚያ «ቺባንጉ እንዴት ሞተ?» አልኩት። «በንዳድ፣ ማማ» አለ። ሁለተኛ ጠየቅኩት። «በንዳድ።» ሦስተኛ ጠየቅኩት፤ እጁንም ያዝኩት። ከንፈሩን በቀኝ በኩል ዋጥ አደረገና «ማማ፣ ንዳድ ነው አልኩሽ እኮ» አለኝ።

ያኔ ሥዕሉ ላይ የጣልኩትን ጨርቅ ገፈፍኩት። «እሱንስ አየኸው?» አልኩት። ቀረብ ብሎ ረጅም ጊዜ አየው። እንደ ሕፃን ልጅ ጮኸ። «ይህ እኔ አይደለሁም! ሠዓሊው ዓይኔን ሰረቀኝ! ማማ፣ ዓይኔን ሰረቀኝ!» ብሎ ሽጉጡን አውጥቶ ሥዕሉን ሁለት ጊዜ ተኮሰው። አንዱ በአገጩ፣ አንዱ በአንገቱ አለፈ። ሦስተኛዋን ሲያነጣጥር እኔ በመካከል ገብቼ ቆሜ ነበር። ሽጉጡ ከእኔ ላይ እስኪወርድ ጊዜ ወሰደበት፤ ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

አምባሩን ከሣጥኔ አወጣሁ። እጁን ዘረጋ። አልፌው ወጣሁ።

ከዚያ ወዲያ አላየሁም። ካሳቫ የምዘፈዝፍበት ገንዳ ጋ ሄጄ ካሳቫ ማጠብ ጀመርኩ። መቅዘፊያ ውሃ ላይ ሲያርፍ አንድ ድምፅ አለው፣ ሰው ላይ ሲያርፍ ሌላ ነው። ሁለቱ ጠባቂዎቹ መሣሪያቸውን ጥለው ውሃ ውስጥ ሮጡ፤ አንዱ ዋና አያውቅም ነበር አሉኝ። «ማማ» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠራኝ። ካሳቫውን አጥቤ ጨረስኩ።

ሰው አሁንም ባና ካኦማ ብሎ ይጠራኛል፤ የካኦማ እናት። ሴቶቹ ሲጠሩኝ አንደበታቸው ይተሳሰራል። እኔ አቤት እላለሁ።

ባና ካኦማ

---

ሙሶሎ፣ ጁላይ 3

ማማ፣

ቾላ ደረሰ። አቅፌው ሳለቅስ በስምንት ጣቱ ጀርባዬን እየደባበሰ ያባብለኝ ነበር፤ ኀፍረቴን አይጠይቁኝ። የካኦማ ሰዎች ወሬውን ሰምተው በየጫካው ተበተኑ። ሕዝቡ ጉድጓዱን በአፈር ሞላው። ሁለት ጀልባ ተሠርቶ ስም እንድጽፍባቸው ተሰጥቶኛል። ሰው ሁሉ ይመርቅዎታል። እኔ ግን ደብዳቤዎን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ቾላ ካለ ለምን እንደማልስቅ ሚስቴ ትጠይቀኛለች።

ስለ ዓይኖቹ ጠይቀውኝ የምለው የለኝም ብዬዎት ነበር። ዋሽቻለሁ።

በሰባተኛው ጠዋት ካኦማ ጠባቂዎቹን አስወጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አለኝ፦ «አጎቴ ጭሱ ውስጥ ሆኖ በሕፃንነት ስሜ ጠራኝ። በሩን ልከፍት ከወንበሬ ተነሥቼ ነበር። ሰዎቼ ያዩኝ ነበር። ተመልሼ ተቀመጥኩ። አሁን ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያንን ወንበር ነው የማየው። ማማ ይህን ብታውቅ ይቅር ትለኛለች?» እኔ ብሩሼን አስቀመጥኩ። «በአፌ አልችልም፣ ሠዓሊ። ከልጅነቴ ጀምሮ በአፌ ስሞክር የሚወጣው ውሸት ነው። አንተ ሣልልኝ። ስታየኝ ይግባት። አምባሩንም ተወው፤ ይግባት ብቻ።»

አየሁት፣ ማማ። በግራ ዓይኑ ውስጥ ነበር። እንባ አልነበረም፤ የጠፋ ልጅ ገበያ መሃል ቆሞ እናቱን ሲፈልግ በዓይኑ እንደሚታየው ያለ ነገር ነው። በዚያው ቀን ግቢው ውስጥ በሰጡኝ ጎጆ በሬን ዘግቼ ሣልኩት። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ዓይን ሠርቼ አላውቅም። ያን ዓይን ያየች እናት ሁሉንም ይቅር ትላለች።

ከዚያ ቾላ ጉድጓዱ ውስጥ ሲያቃስት ሰማሁ። የጀልባ ጥቁር ቀለም ወሰድኩና በግራ ዓይኑ ላይ ደራርቤ ቀባሁት። በላዩም ባዶ ዓይን፣ የአዞ ዓይን፣ ሣልኩ። ይቅር እንዳይሉት ብዬ ነው። ይህን ሰው ማንም እንዳያዝንለት ፈለግኩ። እሱ እውነቱን እንዳደርስለት ለመነኝ፤ እኔ አፉን ላኩልዎና ዓይኑን አስቀረሁ።

«ሠዓሊው ዓይኔን ሰረቀኝ» ያለው እውነቱን ነው። ምናልባት በሕይወቱ ከአፉ የወጣች አንዷ እውነት ናት። እሷን ተናግሮ ሞተ፤ እርስዎም ውሸት መሰለዎት። ዓይኑን ቢያዩ ኖሮ ባዶ እጅዎን ይወጡ ነበር። የገደልኩት እኔ ነኝ። በመቅዘፊያ ከመቱት ሁሉ በፊት በብሩሽ የመታሁት እኔ ነኝ፤ የእናትን እጅ ተውሼ።

ይርገሙኝ። የሚገባኝ ነው። ቀለሞቼን ሐይቅ ውስጥ ጥያቸዋለሁ። ከእንግዲህ የጀልባ ስም ብቻ እጽፋለሁ።

ካሉምባ

---

ሉንቺንዳ፣ ጁላይ 12

ካሉምባ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛውን ጊዜ በንዴት ነው። ለካ ሌባ ነህ፤ ዓይኑን ሰርቀህ አልበቃ ብሎህ አሁን ደግሞ ኀጢአቴን ልትሰርቀኝ መጣህ።

ሥዕሉ በደረሰ በማግሥቱ ጠዋት ነው፣ ፀሐይ በበር ገብታ ግድግዳው ላይ ስታርፍ፣ ግራ ዓይኑ ከቀኙ ከፍ ብሎ አየሁት። ዕድሜዬን ሙሉ በሠዓሊና በዓሣ ነጋዴ መካከል ስኖር የተደረበ ነገር አውቃለሁ። በጥፍሬ ፋቅኩት። ቀስ ብዬ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ጥቁሩ ተነሣ። ከሥሩ ያለውን አየሁ።

ሦስት ዓመቱ ሳለ ንዳድ ይዞት «ማማ፣ አትሂጂ» ያለኝ ዓይን ነው። ራሱ ነው፤ አልተለወጠም። ተንበርክኬ ሳምኩት። ያን ቀንና ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ ከእሱ ጋር አለቀስኩ። ከዚያ ማንም እንዳያይብኝ በጥላሸት መልሼ ሸፈንኩት። ያንተን የማጨሻ ቤት ደብዳቤ ሳነብ ዓይኑ ግድግዳዬ ላይ ነበር። ቀዛፊዎቹን ስጠራ ዓይኑ ግድግዳዬ ላይ ነበር። ሦስት ጊዜ የጠየቅኩት ለምን ይመስልሃል? በዓይኑ ያለውን አንድ ጊዜ በአፉ ቢለው ብዬ ነው እኮ። መጸጸቱን ዐውቄ ነበር። ጸጸቱን ለእኔ ብቻ ደብቆ በጨርቅ ላከልኝ፤ በስድስቱ ሟቾች ሚስቶች ፊት ግን የሚውጠው ከንፈር ነበረው።

ስለዚህ ይህ ሞት ያንተ አይደለም። ይቅር ልለው እንደምችል እያወቅኩ፣ እያዘንኩለት፣ እየወደድኩት አምባሩን ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ። ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ጠዋት አንድ ነገር እላለሁ፣ ከቀትር በኋላ ሌላ።

ቀለሞችህን ሐይቅ ውስጥ ጥለህ ከሆነ ጠልቀህ አውጣቸው። ና። ቾላ ይቅዘፍህ። እኔን ትሥለኛለህ። አሮጊት አጎንብሳ ካሳቫ ስታጥብ አይደለም፤ ፊቴን ነው የምትሥለው፣ ቅርብ አድርገህ። የምታዝንልኝንም የምትጸየፈኝንም ያየኸውን ሁሉ አስገባ፤ በአንዱም ላይ ሌላ ቀለም አትደርብ። ሙሶሎ ገበያ ላይ ይሰቀል፤ የሟቾቹ ሚስቶች ይዩት፤ የካኦማ እናት ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች እነሱ ይንገሩኝ። እኔ አላውቅም።

እዚህ ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ ጥሩ ነው። በሩ ላይ ተቀምጬ እጠብቅሃለሁ።

ባና ካኦማ